የገዢ ዝምታ

ባለፈው ዓመት በዳግማይ ትንሣኤ ዋዜማ፥ በምኖርባት በሜሪላንድ ግዛት በሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ፥ ከቤቴ ብዙ ከማይርቅ አንድ ግቢ ውስጥ አንዲት ባልቴት የሟች ባላቸውን ዕቃ በሣር ላይ ዘርግተው ሲሸጡ አገኘኋቸው። በዚህ አገር ሰው ቤቱን ሊለቅ ወይም ጓዙን ሊያቃልል ባሰበ ጊዜ ንብረቱን ወደ ደጅ አውጥቶ፥ በየዕቃው ላይ ዋጋውን በቁራጭ ወረቀት ለጥፎ፥ አላፊ አግዳሚው እንዲገዛው ማድረጉ የተለመደ ነው፤ እኔም ከመንገዴ ወጣ ብዬ ሳሕኑንና መጽሐፉን፥ የበረዶ መዛቂያውን አካፋና የተጣጠፈውን ወንበር ስመለከት፥ ከሁሉም ጀርባ፥ ወርዱ ከክንድ ጥቂት የሚያልፍ፥ በጥቁር ላስቲክ የተለበጠ፥ ፊቱ በብርማ ጨርቅ የተሸፈነ አንድ ሣጥን አየሁ። የጊታር ድምፅ ማጉያ ነበረ፤ እኛ ሙዚቀኞች አምፕሊፋየር የምንለው ማለት ነው። በላዩ ላይ 75 ዶላር የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል።

ጎንበስ ብዬ በጀርባው በኩል ወደ ውስጥ አየሁ። የሠራው ፌንደር የተባለው ኩባንያ በቀድሞ ዘመን በየማጉያው ውስጥ ድምፁን የሚያጎሉትን የብርጭቆ ቫልቮች ዝርዝር የያዘች ወረቀት ይለጥፍ ነበርና፥ በዚያች ወረቀት ላይ በቀለም የታተሙት ሁለት የላቲን ፊደላት፥ ለሚያውቃቸው ሰው፥ ፊተኛው የተሠራበትን ዓመት፥ ኋለኛው ወሩን ይነግሩታል። እኔ አውቃቸዋለሁ። ዕቃው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1965 ዓ.ም. በወርኃ ኤፕሪል የተሠራ ‹ዴሉክስ ሪቨርብ› ነበረ፤ ይኸውም ታድሶ በሙዚቃ ዕቃ መደብር ሲቀመጥ ከ2000 ዶላር በላይ የሚጠየቅበት ነው።

ቀና ስል ባልቴቲቱ አጠገቤ ቆመዋል። «ይሠራልን?» አልኋቸው። «ሲከፍቱት ያጓራል እንጂ ሌላ ድምፅ የለውም፤ ባለቤቴ ከታመመ ጀምሮ የነካው የለም» አሉኝ። በዚያች ቅጽበት ሐሰት አልተናገርሁም፤ እውነቱንም አልተናገርሁም። ይልቁንም፥ ዛሬ ስጽፈው አንገቴን የሚያስደፋኝ ይህ ነው፥ በጕልምስናዬ መርካቶ ያስለመደችኝ ምላስ ቀድማኝ «60 አይበቃዎትም?» አልሁ። እሳቸውም ጥቂት አሰብ አድርገው «ይሁን፥ ይውሰዱት» ካሉ በኋላ፥ ከጠረጴዛው ሥር አንዲት የሲጋራ ሣጥን አንሥተው «ይህችም የእሱ ናት፤ ጨምሬልዎታለሁ» ብለው ሰጡኝ፤ በውስጧ በየካርቶናቸው የተቀመጡ አሮጌ ቫልቮች ነበሩባት። በአገራችን ገበያ ሻጭ ከስፍሩ በላይ የሚጨምረው ምራቂ ይባላል፤ ቃሉ ከምርቃት ጋር አንድ ሥር ያለው መሆኑን ልብ የሚለው ግን ጥቂት ሰው ነው፤ ሻጭ ሲመርቅ እኮ ከዕቃው ጋር ቡራኬውንም መስጠቱ ነበር። እኔ ምራቂውን ተቀብዬ፥ 60 ዶላሬን ቆጥሬ፥ 19 ኪሎ ያህል የሚመዝነውን ሣጥን ወገቤ እያቃሰተ ወደ መኪናዬ ተሸከምሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኅሊናዬን ሲበላው የከረመው ጥያቄ ይህ ነው፤ ሻጭ የማያውቀውን የዕቃውን ዋጋ ገዢ እያወቀ ዝም ቢል፥ ሰረቀ ይባላልን? ስለ ሻጭ ዝምታ ብዙ ተብሏል፤ ወተቷን በውኃ አብዝታ የምታቀርበዋን ሴት፥ የበቅሎዋን ጥርስ እያሳየ የእግሯን ማነከስ የሚሸሽገውን ደላላ ሕግም ሕዝብም ያወግዛቸዋል። ስለ ገዢ ዝምታ ግን ሲነገር አይሰማም፤ እንዲያውም በርካሽ የገዛ ሰው ወደ ቤቱ ሲገባ ጎረቤቱ «እሰይ፥ ገበያ ቀንቶሃል» ይለዋል እንጂ «ማንን ጎዳህ?» ብሎ የሚጠይቀው የለም። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» የሚለውም ተረታችን ዝምታን ከጥበብ ወገን ቈጥሮ ያሳደገን ስለ ሆነ፥ ዝም ማለት ኃጢአት የሚሆንበትን ስፍራ ለይቶ ማወቅ ይከብደናል።

የመጀመሪያው መከላከያዬ ዕውቀት ነበረ። ይህን ዕውቀት ማንም በነፃ አልሰጠኝም፤ በጎጃም ከዜማ ቤት ወጥቼ አዲስ አበባ ከገባሁ ጀምሮ፥ ቀን በአንድ የራዲዮ ጥገና ሱቅ፥ ማታ በሆቴል ባንድ ውስጥ ጊታር በመምታት፥ ኋላም በስደት አገር የሰው ማጉያ እየጠገንሁ ከ40 ዓመት በላይ የለቀምሁት ነው፤ ከዐሥሩ ጣቶቼ መካከል ኤሌክትሪክ ያልመታው አንድ እንኳ አይገኝም። ታዲያ ሐኪም ዕውቀቱን ይሸጥ የለምን? ጠበቃስ በዕውቀቱ ይበላ የለምን? እኔ በዕውቀቴ ብጠቀም ነውሩ ምኑ ላይ ነው? እያልሁ ከራሴ ጋር ስሟገት አመሸሁ። ሙግቱ ግን ጥቂት እንደ ተራመደ ተሰናከለብኝ። በሽተኛ ወደ ሐኪም የሚሄደው ሐኪሙ ከእርሱ ይልቅ እንደሚያውቅ ስለሚያምን ነው፤ የሚከፍለውም ለዚሁ ዕውቀት ነው። ባልቴቲቱ ግን በፊታቸው ያጎነበሰው ሽበታም ሰው በዚያች ወረቀት ላይ ምን እንዳነበበ አላወቁም። አንዱና ያው ዕውቀት በተገለጠ ጊዜ ደመወዝ የሚገባው ሙያ ነው፤ በተሰወረ ጊዜ ግን አዳኝ በሣር ከሚሰውረው ወጥመድ ምንም አይለየውም።

ሁለት ነጋዴዎች በመርካቶ ሲከራከሩ ነገሩ ሌላ ነው፤ ሁለቱም ጨዋታውን ያውቁታል፥ ሁለቱም የሚሰውሩት አላቸው፥ ሻጩ «እናቴ ትሙት፥ በዚህ ዋጋ አልገዛሁትም» ሲል ገዢው ለእናቲቱ ዕድሜ አይሰጋም። የእኔዋ ሻጭ ግን ነጋዴ አልነበሩም። ሐዘንተኛ ነበሩ።

ፍርድ ከመስጠቴ በፊት ዕቃውን መክፈት ነበረብኝ፤ ምን እንደ ገዛሁ ገና አላወቅሁምና። የቫልቭ ማጉያ በዋዛ አይከፈትም። በውስጡ ከ400 ቮልት በላይ የሚደርስ ኃይል ይመላለስበታል፤ ይህን ኃይል የሚያከማቹት ኮንደንሰሮችም ገመዱ ከግድግዳው ከተነቀለ በኋላ እንኳ ይዘውት ይቆያሉና፥ ጠጋኙ እጁን ከማስገባቱ አስቀድሞ በሬዚስተር አድርጎ ወደ ብረቱ አካል ማፍሰስ፥ ፈስሶ ማለቁንም በቴስተር ማረጋገጥ ይገባዋል። ሥራውን ያስተማረኝ ሰው «ግራ እጅህን ኪስህ ክተት» እያለ ይቆጣኝ ነበር፤ ኃይሉ ባንዱ እጅ ገብቶ በሌላው ሲወጣ መንገዱ በልብ ላይ ስለ ሆነ ነው። አሁንም በዚህ ዕድሜዬ ግራ እጄን ኪሴ ሳልከት የማጉያ ሆድ አልነካም።

ካቻቢቴዬን ይዤ የጀርባውን ሳንቃዎችና ከላይ ያሉትን አራት ብሎኖች ፈትቼ አካሉን ሳወጣው፥ የስድሳ ዓመት አቧራና የሰም ሽታ አብሮ ወጣ። በጥቁር ገበታ ላይ ሰማያዊዎቹ ኮንደንሰሮች እንደ ዶቃ ተደርድረው፥ በጨርቅ የተሸፈኑት ሽቦዎች ሳይተላለፉ በየመንገዳቸው ሄደው፥ ብየዳው ሁሉ እንደ ጤዛ ጠብታ ያንጸባርቅ ነበር። በብረቱ ጥግ ደግሞ ቢጫ የሆነ የወረቀት ፕላስተር ተለጥፎ፥ በላዩ በእጅ የተጻፈ አንድ የሴት ስም አየሁ፤ የኋለኞቹ ፊደላት ደብዝዘዋል። በካሊፎርኒያ በፉለርተን ከተማ በነበረው በፌንደር ፋብሪካ ሽቦውን ከሚያያይዙት ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩና፥ ሥራቸውን ሲፈጽሙ ስማቸውን በፕላስተር ጽፈው በሆዱ ውስጥ ይለጥፉ ነበረ። የብራና ጸሓፊዎቻችን በመጽሐፉ መጨረሻ ስማቸውን አኑረው «ጸልዩልኝ» የሚሉበት ልማድ ትዝ አለኝ፤ ልዩነቱ የብራናውን ጸሓፊ ስም አንባቢ ሁሉ ሲያየው፥ ይህን ግን ዕቃው ካልተበላሸ በቀር ማንም የማያየው መሆኑ ነው።

ይህች ስም ወደ ሌላ ሐሳብ ወሰደችኝ። ሊዮ ፌንደር በ1938 በፉለርተን የራዲዮ መጠገኛ ሱቅ የከፈተ፥ በ1991 እስኪሞትም ድረስ ጊታር መምታት ያልተማረ ሰው ነበረ፤ ከሱቁ የወጣው ኩባንያም በጃንዋሪ 1965 ሲ.ቢ.ኤስ. ለተባለው ድርጅት በ13 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ይህ ማጉያ እንግዲህ ከዚያ ሽያጭ ሦስት ወር ያህል በኋላ የተሠራ ነው። የዛሬ ሰብሳቢዎች ከሽያጩ በፊት የተሠራውን አብልጠው፥ በኋላ የተሠራውን አሳንሰው ይገምታሉ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ከፍተህ ብታይ ግን ሥዕሉ ያው፥ ሽቦው ያው፥ ምናልባትም ያያያዘችው እጅ ያችው ናት። ስለዚህ ዋጋ የሚባለው ነገር እንደ ማር በቀፎ በዕቃው ውስጥ ተቀምጦ የሚቆረጥ ሳይሆን በሰዎች ምኞት ውስጥ የሚኖር ነው። ይህን ባሰብሁ ጊዜ ለጥቂት ሰዓት ደስ አለኝ፤ ዋጋው በዕቃው ውስጥ ከሌለ ከባልቴቲቱ የሰወርሁት ምንድን ነው? የሰወርሁት የሩቅ ሰዎችን ምኞት ብቻ ነው አልሁ። እንዲህ ያለውን ብልጠት የሚፈጥር ሰው ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ብቻውን የተቀመጠ ሰው ነው፤ ያ ምኞት መደብር ቢወሰድ ተቈጥሮ የሚከፈል ገንዘብ መሆኑን ዘንግቼው አልነበረም።

ሕመሙን መመርመር ጀመርሁ። በቆርቆሮ ክዳን ሥር ያሉት ትልልቆቹ ኮንደንሰሮች ውስጣቸው ደርቆ፥ አንዱማ ፈንድቶ ነጭ ዱቄት አውጥቷል፤ ማጓራቱ ከዚህ ነበረ። የግድግዳው ገመድ ሁለት እግር ብቻ ያለው የድሮ ገመድ ሲሆን፥ ከእርሱም ወደ ብረቱ አካል የተዘረጋች አንዲት ኮንደንሰር አለች፤ የዚህ አገር ጠጋኞች ‹የሞት ኮንደንሰር› ይሏታል። እርስዋ የተበላሸች እንደ ሆነ ብረቱ ሁሉ ኤሌክትሪክ ይይዛል፤ ጊታሩን የያዘው ሰው ከንፈሩን ከማይክሮፎኑ ሲያስጠጋም ይመታዋል። ቆርጬ አወጣኋትና ባለ ሦስት እግር ገመድ አስገባሁ። የስፒከሩ ወረቀት ጣት የሚያስገባ ያህል ተቀዷል፤ በስስ ወረቀትና በሙጫ ደፈንሁት። ድምፁን ከሚያወጡት ከሁለቱ 6ቪ6 ቫልቮች አንዷ አናቷ ውስጥ የተቀባው ብርማ ነገር እንደ ወተት ነጥቷል፤ ይህ አየር እንደ ገባባትና እንደ ሞተች የሚያሳይ ምልክት ነው። ጓደኛዋም ደክማለች። ከሲጋራው ሣጥን በአር.ሲ.ኤ. ካርቶን የተቀመጡ፥ መርፌዎቻቸው ገና ያልተነኩ ሁለት አውጥቼ በምትካቸው ተከልሁ።

ቫልቭ ማለት፥ ለማያውቀው አንባቢ፥ አየር የተሟጠጠለት የብርጭቆ ዕቃ ሆኖ፥ በመካከሉ የጋለ ብረት የሚያፈልቀውን የኤሌክትሮን ፈሳሽ አንዲት ቀጭን ወንፊት እየከፈተችና እየዘጋች ትንሹን ድምፅ ትልቅ የምታደርግበት ነው። ሊ ዲ ፎረስት የተባለ አሜሪካዊ በ1906 ከፈለሰፈው ጀምሮ ራዲዮውን ሁሉ ሲያናግር ኖረ፤ በ1947 ትራንዚስተር ከተወለደ በኋላ ግን ቀስ በቀስ ከቤት ተባረረ። የጊታር መቺ ግን አልለቅም አለ፤ ቫልቩ ከአቅሙ በላይ ሲገፋ የሚሰነጠቅበት ድምፅ ለጆሮው ጣፋጭ ስለ ሆነለት ነው። በጉድለቱ ምክንያት የተወደደ ዕቃ ከዚህ ሌላ አላውቅም። የድሮዎቹ የአሜሪካ ፋብሪካዎች ከተዘጉ ዘመን አልፏል፤ ዛሬ በአብዛኛው የሚመጣው ከሩሲያ፥ ከቻይናና ከስሎቫኪያ ነው።

አሮጌ ማጉያ መጀመሪያ ሲከፈት በቀጥታ ከግድግዳው አይሰካም። ባለ 100 ሻማ አምፑል በመካከል ይገባና፥ በውስጡ የተነካካ ሽቦ ካለ አምፑሉ ቦግ ብሎ በርቶ ይቀራል፥ ደኅና ከሆነ ግን አንድ ጊዜ ፈክቶ ይደበዝዛል። የእኔ አምፑል ቦግ አለ። ትንፋሼን ያዝሁ። ከዚያም ቀስ እያለ ደበዘዘ፤ በቫልቮቹም ሥር ብርቱካንማ እሳት እንደ ጧፍ ጫፍ ታየ። ጊታሬን ሰክቼ በትዝታ ቅኝት አንድ ሁለት ድምፅ ስነካ፥ ድምፁ በሣጥኑ ወለል ላይ በተንጠለጠሉት የሽቦ ጥምዝምዞች አልፎ፥ በዋሻ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደ ተመራ ዜማ ዘግይቶ ተመለሰ። ለዕቃ መለዋወጫ 140 ዶላር፥ ከእንቅልፌም አራት ሌሊት ከፍያለሁ፤ እንደዚያ ቀን ደስ ያለኝ ቀን ብዙ የለም። ደስታው ግን ሲያድር ቀዘቀዘ፤ ያ ድምፅ ምን ያህል እንደሚያወጣ አሁን በእርግጥ አውቄዋለሁና።

በቀጣዩ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነገሩን ለንስሐ አባቴ ነገርኋቸው። ስለ ዋጋው፥ ስለ ወረቀቷ፥ ስለ ሁለቱ ፊደላት ሳብራራ ዝም ብለው ሲሰሙኝ ቆይተው፥ ያልጠበቅሁትን አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። «ስትጭነው ቸኩለህ ነበርን?»

«አዎን አባቴ» አልሁ፤ «ገመዱን እንኳ ሳልጠቀልል ነው የጫንሁት።»

«የራሱን ገንዘብ የሚወስድ ሰው ምን ያስቸኩለዋል፥ ልጄ?»

እኔም የዜማ ቤት ሙግት ገና አልለቀቀኝምና፥ «በወንጌል በእርሻ ውስጥ የተሰወረ መዝገብ ያገኘው ሰው መልሶ ሰውሮት፥ ያለውን ሁሉ ሸጦ እርሻውን ገዛ እንጂ ለባለ እርሻው መቼ ነገረው? ጌታችንስ መቼ ነቀፈው?» አልኋቸው። ሣቁ። ምሳሌ የሚመሰለው በሚመስልበት ወገን ብቻ መሆኑን፥ ጌታ ምጽአቱን በሌሊት በሚመጣ ሌባ መመሰሉ ሌብነትን እንዳልባረከው፥ የዓመፃውን መጋቢ ማመስገኑም ሐሰተኛ ደረሰኝ መጻፍን ሥርዓት እንዳላደረገው አስረዱኝ። «ደግሞም» አሉ ተነሥተው መስቀላቸውን ሊያሳልሙኝ ሲሉ፥ «ያ ሰው ያለውን ሁሉ ሸጧል። አንተ 60 ዶላር ነው የከፈልኸው፤ እሱንም ተከራክረህ።»

ቀኖና አልሰጡኝም። ይህም ከቀኖና ይልቅ ከበደኝ፤ መጻሕፍት ማገላበጥ ጀመርሁ፤ ሰው ሊያደርገው የሚገባውን ሲያውቅ የሚያነበው ብዙ ነው። ሮማዊው ቺቸሮ ስለ ግዴታ በጻፈው መጽሐፍ አንድ እህል ነጋዴ ያመጣል፤ ከእስክንድርያ እህል ጭኖ በረኃብ ወደ ተያዘችው ወደ ሮድስ ደሴት ሲደርስ፥ ሌሎች እህል የጫኑ መርከቦች ከኋላው እየመጡ መሆኑን ያውቃል፤ ይናገርን ወይስ ዝም ብሎ በውድ ይሽጥ? ፈላስፋው የባቢሎኑ ዲዮጋንስ አለመናገር ሌላ መሰወር ሌላ ነው ሲል፥ ደቀ መዝሙሩ አንቲጳጥሮስ ሰው ሁሉ በተፈጥሮ የተሳሰረ ነውና ዝምታው ማሳሳት ነው ይላል፤ ቺቸሮም ለአንቲጳጥሮስ ይፈርዳል። የላቲኖቹ መምህር ቶማስ አኲናስ ደግሞ በቀጥታ ወደ እኔ ነው የመጣው፤ ሻጭ ወርቁን ናስ መስሎት ቢሸጥ፥ ገዢውም ወርቅ መሆኑን አውቆ ቢገዛ፥ ግዢው የዓመፅ ነውና ሊመልስ ይገባዋል ብሎ ይፈርዳል። አውግስጢኖስ ስለ ሥላሴ በጻፈው መጽሐፍ የሚያውቀውን አንድ ሰው ያነሣል፤ ሻጩ የመጽሐፉን ዋጋ ሳያውቅ ጥቂት ቢጠይቀው፥ ያ ሰው ሻጩ ያልጠበቀውን እውነተኛውን ዋጋ ቈጥሮ ሰጠው። አውግስጢኖስ ይህን የሚያነሣው፥ ሰው ሁሉ በርካሽ መግዛት በውድ መሸጥ ይፈልጋል ያለውን አንድ ተዋናይ ሲመልስ ነው። ሰውዬው ማን እንደ ነበረ አልነገረንም፤ እኔ ግን ሳነብ ቀናሁበት።

ከሁሉ ይልቅ የቆየሁበት በአይሁድ መጽሐፍ፥ በኢየሩሳሌም ተልሙድ ያለው የስምዖን ቤን ሼታሕ ነገር ነው። ይህ መምህር በተልባ እግር ሥራ ይደክም ነበርና፥ ደቀ መዛሙርቱ ድካሙን ሊያቃልሉ ከአንድ ባዕድ አህያ ገዙለት፤ በአህያውም አንገት የተንጠለጠለ ዕንቊ አገኙ። ከእንግዲህ አትደክምም ብለው ደስ ቢላቸው፥ መምህሩ ባለቤቱ ዐውቆ እንደ ሆነ ጠየቃቸው፤ አላወቀም ቢሉት መልሱ አላቸው፤ የተገዛው አህያ ብቻ ነበርና። ይህን ካነበብሁ በኋላ ለሁለት ቀን የእኔን ጉዳይ ከእርሱ ለመለየት ደከምሁ። በእኔ ማጉያ አንገት የተንጠለጠለ ሌላ ዕንቊ የለም፤ አህያውም ዕንቊውም ያው ሣጥኑ ነው፥ እሳቸውም ሣጥኑን አይተው በገዛ እጃቸው ዋጋ ለጥፈውበታል እያልሁ ተጽናናሁ። እንደ አገራችን አቆጣጠር በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን እንኳ በአንቀጽ 1710 ውል ለአንዱ ወገን እጅግ ስለ ጠቀመ ብቻ አይፈርስም ይላል፤ ነገር ግን እዚያው ላይ የሌላውን ችግር፥ የዋህነት፥ እርጅና ወይም በግልጽ የሚታይ የንግድ አለመለመድ ተገን አድርጎ የተገኘ ፈቃድ ከሆነ፥ ፍትሕ ግድ ሲል ሊፈርስ እንዲችል ጨምሮ ደነገገ። ከአራቱ ቃላት ስንቱ ያችን ሣር ላይ የቆመች ሴት እንደሚመለከት መቍጠር አላስፈለገኝም።

ገንዘቡን ልመልስ መሆኔን ለባለቤቴ ስነግራት፥ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር! አንተ ሰው፥ የቤት ኪራዩ የሚከፈለው በአውግስጢኖስ ነው?» አለችኝ። ከዚያም እንጀራውን ስታቀርብ ቆየት ብላ «ስንት ነው የምትመልሰው?» አለች። እዚህ ላይ ነገሩ ከቅድስና ወደ ሒሳብ ወረደ። መደብር ታድሶ በ2000 ዶላር የሚሸጠውን ማጉያ ከሰው ሲገዛ ከግማሹ ብዙ አይሰጥም፤ የሞተ ሆኖ ሲመጣለትማ ያንሳል፤ ከዚያ ላይ የገዛሁት መለዋወጫ 140 አለ፥ የከፈልሁት 60 አለ፥ ምናልባት ትራንስፎርመሩ ተቃጥሎ ቢሆንስ ኖሮ ያ ሁሉ ኪሳራ የእኔ ነበረ። ለድካሜ አንዳች አልቈጠርሁም፤ ለንስሐ ማሰቢያ ትሁን ብዬ። ደምሬ ቀንሼ 800 ላይ ወጣሁ፤ ተጠራጥሬ 900 አደረግሁት። ሰው ለራሱ ሲፈርድ ቊጥሩን ወዴት እንደሚያጠጋጋ ስለማውቅ ነው 100 የጨመርሁት፤ ቢሆንም በቂ መሆኑን ዛሬም አልምልም።

በርክበ ካህናት ሳምንት የባልቴቲቱን በር አንኳኳሁ። አወቁኝ። በረንዳው ላይ ተቀምጠን ሁሉንም በቅደም ተከተል ነገርኋቸው፤ ወረቀቷን፥ ፊደላቱን፥ ዋጋውን። ፖስታውን ከፍተው የጣታቸውን ጫፍ እያረጠቡ ገንዘቡን ሁለት ጊዜ ቈጠሩት። ያመሰግኑኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፥ አልዋሽም።

«በዚያን ቀን ስንት እንደሚያወጣ ያውቁ ነበር?» አሉኝ።

«አዎን።»

«ዐውቀው 60 ይበቃዎታል አሉኝ።»

«አዎን።»

ገንዘቡን በጉልበታቸው ላይ አኑረው መንገዱን ሲያዩ ቆዩ። ከዚያም ወደ እኔ መለስ ብለው «ያቺ የሲጋራ ሣጥንስ?» አሉኝ።

አፌ ደረቀ። ስለ አህያውና ስለ ዕንቊው ሳነብ በሰነበትሁበት ጠረጴዛ ላይ፥ ከክርኔ አጠገብ፥ ሣጥኗ ሁልጊዜ ነበረች። እንደዚያ ያሉ ያልተነኩ ቫልቮች ዛሬ በምን ያህል እንደሚፈለጉ ከማጉያው ዋጋ አስቀድሜ የማውቀው ነገር ነው፤ ምራቂ ናት ብዬ ግን በሒሳቤም በንስሐዬም አላስገባኋትም፥ ለንስሐ አባቴም አልነገርኋቸውም። ምንም ልመልስላቸው አልቻልሁም፤ እሳቸውም ዝምታዬን አሁን ማንበብ ችለዋል።

በሣጥኗ ውስጥ 14 ቫልቮች ነበሩ። 12ቱን በማግሥቱ ወስጄ መለስሁላቸው። የቀሩትን የሁለቱን ዋጋ ብጠይቃቸው 75 ዶላር አሉ፤ ሳልከራከር ከፈልሁ።